ይቅደሙ

በ2079 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አውቶቡስ ከሁለት ደቂቃ በላይ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ዘጠኝ ከተሞች በአንድ ዓይነት መለኪያ እየተለኩ በየወሩ በሚወጣው ሠንጠረዥ ላይ በቁጥር የሰፈረ ነገር ነው። ናይሮቢ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ፣ ካምፓላ አራት ደቂቃ፣ እኛ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ። ሠንጠረዡ በየፌርማታው ይሰቀላል፤ ሰዉም እንደ ኳስ ውጤት ያየዋል፣ ይከራከርበታል፣ ደረጃችን ከፍ ያለ እንደሆነም ያጨበጭብለታል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ ኤልዳና ጠንቅቃ ታውቃለች። የምታስገኘው እሷ ናትና።

ኤልዳና የጀሞ ሦስት ፌርማታ ተራ አስከባሪ ናት። ድሮ ተራ አስከባሪ ማለት ታክሲ ተራ ላይ እየጮኸ ሰው የሚያሰልፍ ጎረምሳ ነበር አሉ። የእሷ ሥራ ጩኸት የለበትም። ፌርማታው ላይ ቢጫ ንጣፍ አለ፤ መጠበቅ የሚባለው ነገር የሚጀምረው እግር ቢጫውን ሲረግጥ ነው። ቢጫውን ያልረገጠ ሰው ቆመ፣ ተቀመጠ፣ አረፈ ይባላል እንጂ ጠበቀ አይባልም። ስለዚህ ከንጣፉ ጀርባ ሰፊ የቆርቆሮ ጥላ ተሠርቶ «ማረፊያ» ተባለ። ሰዉ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ያርፋል። ለሁለት ሰዓት ተኩል የሚያርፍም አለ። አውቶቡሱ ሊደርስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ኤልዳና የማረፊያውን ሰንሰለት ትፈታና አርባ ሰው ትለቃለች፤ አርባው ሰው ቢጫው ላይ ወጥቶ መጠበቅ ይጀምራል። አንዳንዱማ «ዛሬስ ቶሎ ደረሰልን» ይላል፣ ከልቡ።

ይሄ ውሸት ነው? በጭራሽ! ቁጥሩን የነካው ሰው የለም። ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም ብላ ኤልዳና መማል ትችላለች።

ሁለተኛው ቁጥር የመሳፈሪያ ሰከንድ ነው። አንድ ሰው በሩን ለማለፍ አራት ሰከንድ አለው። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ያሳለፈ ሰው «ከጉዞ ነፃ» ይሆናል። ቃሉ ይኸው ነው፤ ተከለከለ አይባልም፣ ታገደ አይባልም። ነፃ ይሆናል። በሩ ሰውን በመልኩ ስለሚያውቅ ነፃ የሆነ ሰው ሲቀርብ አይከፈትለትም። ታክሲ የሚባለው ነገር ደግሞ ሠንጠረዡን ስለሚያበላሽ ከከተማው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። አምቡላንስ የወደቀ ሰው ነው የሚያነሳው፤ ቆሞ የሚሄደውን አያነሳም።

የኤልዳና አባት አቶ ናሆም ይሄዳሉ፣ ብቻ ቀስ ብለው ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል፣ ኩላሊታቸውም እንዲሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ሐኪም ቤት እየሄዱ ደማቸው ይታጠባል። እጥበቱ አንድ ቀን ካለፋቸው እግራቸው ያብጣል፣ ሁለት ቀን ካለፋቸው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሦስተኛው ቢያልፍ ምን እንደሚሆን ሐኪሙ አልተናገረም፣ ኤልዳናም አልጠየቀችም።

በሩን በራሳቸው ለማለፍ ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ታዲያ እንዴት እስካሁን ነፃ ሳይሆኑ ቆዩ? ዮናታን የሚባል በያጅ አለ፣ የማረፊያው ደንበኛ፣ ትከሻው ግድግዳ የሚያክል። ከኋላቸው ይሰለፋል። እሳቸው እግራቸውን ሲያነሱ ብብታቸው ሥር እጁን ሰዶ ብድግ ያደርጋቸዋል፤ ቀድሞ የገባው ሰው ከውስጥ ይቀበላቸዋል። ሦስት ሰከንድ ተኩል! አቶ ናሆም ደረጃውን ሳይረግጡ ውስጥ ይገኛሉ።

«እንደ ጤፍ ጆንያ ጫናችሁኝ እኮ፣» ይላሉ ኮታቸውን እያስተካከሉ።

«ጋሼ ናሆም፣ ጤፍማ ይከብዳል፣» ይላል ዮናታን።

በሰኔ ግን ዮናታን ዓይኑን የብየዳ ብልጭታ መትቶት ሁለት ቀን ቀረ። በሁለቱም ቀን አቶ ናሆም አሳለፉ። ሦስተኛው ብቻ ቀረ። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ለተራ አስከባሪዎች ሁሉ መልእክት መጣ፤ ከሌላ ከተማ የመጡ ታዛቢዎች ነገ ዓርብ በየፌርማታው ይቆማሉ።

ታዛቢ ባለበት ሰው ሰውን ካነሳ «ጭነት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ጭነት ደግሞ አውቶቡስ ላይ አይወጣም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዮናታን ከሥራው ቦታ ብረት ቆራርጦ ልክ የአውቶቡሱን ደረጃ የሚያህል ደረጃ በየደና እቤታቸው ድረስ ይዞ መጣ። ዕቃ ቤቱ በር ሥር አስቀመጡት። አቶ ናሆም ይወጣሉ፣ ኤልዳና ትቆጥራለች።

«ሰባት።»

«አንቺ ፈጥነሽ ነው የምትቆጥሪው።»

«አባባ፣ ሰከንድ ፈጣን ቀርፋፋ የለውም። እስቲ ድገም።»

አሥራ አምስት ጊዜ ደገሙት። ላብ በላብ ሆኑ። በመጨረሻ ዮናታን መላውን አገኘው፤ መጀመሪያ ግራ እጃቸውን በሩ ላይ ካለው ብረት አስይዞ፣ ደኅነኛውን እግራቸውን አስቀድሞ፣ አካላቸውን ወደፊት እንዲጥሉ። «አራት!» ብላ ጮኸች ኤልዳና። ደገሙት፤ አራት። እንደገና፤ አራት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። አቶ ናሆም ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ፈገግ አሉ።

«እኔ ሚኒባስ ስነዳ፣» አሉ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን እያሹ፣ «የሚሮጥ ሰው በመስታወት ካየሁ እጠብቅ ነበር። ተሳፋሪው ይሰድበኛል። ያው ሰውዬ በማግስቱ ሲያረፍድ ደግሞ እኔኑ ይፈልጋል።»

ኤልዳና ፊታቸው ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ አሁን ስማኝ። ነገ በር ላይ ማንንም እንዳታስቀድም። ሽማግሌ ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን፣ ማንም ቢሆን። በሞቴ።»

«እሺ አልኩሽ።»

«በሞትሽ በለኝ።»

«ኧረ በሞትሽማ አልልም! እሺ ካልኩ እሺ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ታዛቢዋ ቀድማ ደርሳ ቢጫው ንጣፍ ዳር ቆማ ነበር። ቀጠን ያለች፣ ትሑት የምትመስል ሴት ናት፤ ጆሮዋ ላይ አስተርጓሚ ሰክታለች። ኤልዳናን በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት። ክፉ ሴት ብትሆን ምናለበት፣ አለች ኤልዳና በልቧ፤ ክፉን ሰው ቢያንስ መጥላት ይቻላል።

አውቶቡሱ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሰንሰለቱን ፈታች። አባቷን ከሰልፉ መጨረሻ አካባቢ አስገብታለች፣ ዮናታን ከኋላቸው እንዲሆን፤ ማንሳት ባይችልም ቢያንስ ሌላ ሰው እንዳይገፋቸው። በሩ ተከፈተ። ሰዉ ይገባ ጀመር። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ተኩል፣ ሦስት። ለዓመታት የተለማመደ ሕዝብ ነው፤ ልጁን አቅፎ፣ ዕቃውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ይገባል። ማንም ማንንም አያይም።

ከሰልፉ ኋላ አንዲት እርጉዝ ነበረች፣ ወሯ የገባ። አራቱ ሰከንድ እንዳያልፋት ከወዲሁ ቁና ቁና እየተነፈሰች ነው። ዮናታን ዞር አለና አያት። ጉድ የመጣው ከዚህ ነው። የተነገረውን ሁሉ ረሳና ቦታውን ለቀቀላት። «ግቢ እህቴ፣ እኔ ፊት ሁኚ፣» አላት። ቢጫው ላይ ቦታ መለዋወጥ አይከለከልም፤ ማንም ስለማያደርገው ነው ያልተከለከለው።

የአቶ ናሆም ተራ ደረሰ። ግራ እጃቸውን ብረቱ ላይ አደረጉ። ደኅነኛ እግራቸውን አነሱ። ኤልዳና አንድ አለች በሆዷ። ያኔ ከኋላቸው ያ ትንፋሽ ተሰማቸው። አቶ ናሆም ዞረው አዩ። ሆዷን አዩ። እግራቸውን መልሰው መሬት ላይ አደረጉ።

«ኧረ ልጄ! አንቺ ቅደሚ እንጂ!»

«አይ አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በፍጹም! እንዲህ ሆነሽማ አትቆሚም። ግቢ።»

«በማርያም አባባ፣ ሽማግሌ ቀድሜ? ይግቡ፣ ይግቡልኝ።»

«አባባ!» ብላ ጮኸች ኤልዳና።

እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው መንገድ እያሳዩ ነበር፣ ልጅቷ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ወደ ኋላ እየሸሸች። ሁለቱም ፈገግ ብለዋል። አሥራ አንድ ሰከንድ። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ሄደ።

አቶ ናሆም እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ሲጠፋ ኤልዳና አየችው፣ ያንን ደግሞ መቼም አትረሳውም።

«ረሳሁት፣» አሉ። «ረሳሁት እኮ ልጄ።»

ታዛቢዋ ጠጋ አለች። «ይቅርታ፣ ምን እየተባባሉ ነበር?»

«ቅደም ነው የሚባባሉት፣» አለች ኤልዳና።

«ማንኛቸው?»

«ሁለቱም።»

ሴትየዋ ቅጿን ወደታች ወደላይ አየችው። በእውነት ፈልጋለች፣ ያንን ኤልዳና አትክድም። «ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም፣» አለች በመጨረሻ፤ አሥራ አንድ ብላ ጻፈችና ራሷን ነቀነቀች።

መልእክቱ የሚቀጥለው አውቶቡስ ሳይደርስ መጣ። «ክቡር ናሆም፣ እንኳን ደስ አለዎት! ከዛሬ ጀምሮ ከጉዞ ነፃ ነዎት። አገልግሎቶች ወደ ቤትዎ ይመጣሉ።» የእጥበት አገልግሎት ወደ ቤት የሚመጣበት ቀን ከሥር ተጽፏል። የካቲት አሥራ አራት ይላል። ያን ቀን ሰኔ ሃያ ሰባት ነበር።

ሰኞ ማለዳ ኤልዳና ቢሮ ሄደች። የቀጠናው ኃላፊ አቶ ቃልአብ ደግ ሰው ነው ይባላል፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ኤልዳና፣ የአባትሽን ነገር ሰማሁ። አዝኛለሁ።»

«አቶ ቃልአብ፣ አንድ ቀን ብቻ ይሰረዝልኝ። አባቴ ሰው ለማስቀደም ብሎ ነው። ራሱ በአራት ሰከንድ ይወጣል፤ ከፈለጉ አምጥቼ አሳይዎታለሁ። ደረጃ አለን እቤት፣ ተለማምዷል።»

«አምንሻለሁ። ግን ምን ብዬ ነው የምሰርዘው? አምና ሰባተኛ ነበርን። ዘንድሮ አራተኛ ነን። አውቶቡስ የሚሰጠን በደረጃችን ነው። አንድ የሰረዝኩ እንደሆነ ስምንቱ ከተሞችም ይሰርዛሉ፣ ከዚያ መለኪያው መለኪያ አይሆንም።»

«አባቴ ይሞታል እኮ ነው የምልዎት።»

አቶ ቃልአብ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። «የእኔም እናት ነፃ ነበሩ፣» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ነበሩ?»

አቶ ቃልአብ ተነሥቶ በሩን ከፈተላት፣ ከዚያም እሷ እስክትወጣ ጠበቀ።

ዮናታን ጥፋቱን እንደ ድንጋይ ተሸክሞት ከረመ። ለጥቂት ቀን አቶ ናሆምን በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት አመላለሳቸው፤ ከዚያ ጋሪ ሠራ፤ ከተጣለ የሐኪም ቤት ወንበርና ከሁለት የሞተር ብስክሌት ጎማ። «ኤልዱ፣ በእኔ ነው፣ በእኔ ነው፣» እያለ መቀመጫውን ስፖንጅ አለበሰው። አቶ ናሆም ሲቀመጡበት «ይሄ ከአውቶቡሱ ይሻላል፤ መስኮቱ ሰፊ ነው፣» ብለው አሳቁት። ኤልዳና ፈረቃዋን ወደ ማታ አዛወረች፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባቷን እየገፋች ትነሣለች። የሐኪም ቤቱ ቀጠሮ አራት ሰዓት ተኩል ነው።

ከአውቶቡሱ መንገድ ጎን ለጎን ለጥገና የተሠራች ቀጭን መንገድ አለች። ኤልዳና ባዶ ትሆናለች ብላ ነበር የገመተችው። ወይ ጉድ! መንገዷ ሰው በሰው ነበረች። አሮጊቶች በእጅ ጋሪ፣ አንካሶች በምርኩዝ፣ አባቱን ያዘለ ጎልማሳ፣ እግሯ በጀሶ የታሰረ ተማሪ። ከተማው ነፃ ያደረጋቸው ሁሉ እዚህ ናቸው፤ የሚሄዱት በእግራቸው ስለሆነ ደግሞ የትኛውም ሠንጠረዥ አያውቃቸውም። ከጎናቸው አውቶቡሱ በሰዓቱ ያልፋል፣ ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ጋሪ ብቻ የሚያሳልፍ የብረት ድልድይ አለ። እዚያ ሲደርሱ ሕዝቡ ያ የቀድሞ ሕዝብ ይሆናል። ከወዲያ የመጣው «ይቅደሙ» ይላል፣ ከወዲህ ያለው «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል፤ ጤና ይጠያየቃል፣ ይመራረቃል፣ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አቶ ናሆም ነፍሳቸው መለስ የምትለው እዚያ ነው። ከጋሪያቸው ከወገባቸው ቀና ብለው ሁሉንም ያስቀድማሉ።

«ይኸው፣ እዚህስ ማን ይቆጥርብናል?» ይላሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደኅና አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ድልድዩ ላይ አራት ጋሪ አስቀድመው ሃያ ደቂቃ አረፈዱ። የሐኪም ቤቱ መዝጋቢ ቀና ሳትል «ወንበሩ ለሌላ ተሰጥቷል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ ክፍት አናቆይም፣ እኛም እንለካለን፣» አለች። ኤልዳና ለመነች፣ አለቀሰች፤ ምንም የለም። ሲመለሱ ድልድዩ ላይ አቶ ናሆም ለአንዲት አሮጊት እጃቸውን ሲዘረጉ ንዴቷ ገንፍሎ ወጣ።

«አባባ ተው! ተው አልኩህ! ሰው ሁሉ ይቅደምህና ሙት! ለማን ብለህ ነው? ቆይ ለማን?»

አቶ ናሆም እጃቸውን ቀስ ብለው ሰብስበው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ኤልዳና በራሷ አፍራለች፣ ግን ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ሲነጋ እለዋለሁ አለች።

ዓርብ ዕለት ሐምሌ ዶፉን አወረደው፤ የጥገናው መንገድ በጎርፍ ተዘጋ። አቶ ናሆምን ሁለተኛው የእጥበት ቀን አለፋቸው። እግራቸው እንደ ትራስ አበጠ፣ ትንፋሻቸው ያጥር ጀመር። በዚያው ዕለት አዲሱ ሠንጠረዥ ወጣ። የጀሞ ሦስት አማካይ የመሳፈሪያ ሰከንድ ከሦስት ነጥብ አራት ወደ ሦስት ነጥብ አንድ ወርዷል፤ ከተማው ሦስተኛ ሆኗል። ማረፊያው ውስጥ ያለው ሰው አጨበጨበ። ፌርማታው ላይ «ምስጉን» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉና ኤልዳናን አጠገቡ አቁመው ፎቶ አነሷት።

ሰኞ ማለዳ ካፊያ ነበር። ጎርፉ እስኪጎድል ጠብቃ ሁለት ሰዓት ላይ አባቷን በፕላስቲክ ሸፍና ተነሣች። እንደ መሄድ አልሄደችም፤ ሮጠች። የመንገዱን ሰው «ዞር በሉ!» እያለች፣ የአንዱን ጋሪ ጎማ በጎማዋ እየመታች። አንድ ሽማግሌ ምርኩዙ ወደቀበት፤ አልቆመችም። ሰዓቷን ታያለች፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ከሃያ።

«ቀስ በይ፣» አሉ አቶ ናሆም ከፕላስቲኩ ሥር። «ሰው ትመቻለሽ።»

«ዝም በል አባባ። ልንደርስ ነው።»

ድልድዩ ጋ ስትደርስ ከወዲያ በኩል አንድ ጎልማሳ እናቱን በእጅ ጋሪ ይዞ ጎማውን ብረቱ ላይ አውጥቶ ነበር። ተራው የእሱ ነው። ኤልዳና ግን ጮኸች፤ «መንገድ! መንገድ ልቀቅ፣ ሰዓት አለብን!»

ሰውዬው ምንም ሳይቀየም ጋሪውን ወደ ኋላ ሳበ። «ይለፉ እህቴ፣ ይቅደሙ፣» አለ። እናቱ በነጠላቸው ውስጥ ሆነው በጋሪው ያሉትን ሽማግሌ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

«እንደምን አደሩ አባቴ?» አሉ።

ኤልዳና ጋሪውን ልትገፋ ክንዷን አጠነከረች፤ ግን አልገፋችም። የአባቷን መልስ እየጠበቀች ነበር። እሳቸው ሰላምታ ሳይመልሱ የቀሩበት ቀን የለም። ካፊያው ፕላስቲኩን ይመታል። ሴትየዋ ፈገግ እንዳሉ ይጠብቃሉ።

ፕላስቲኩን ገለጠችው። አቶ ናሆም አገጫቸው ደረታቸው ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው ከጭናቸው ወርዶ መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ያዘችው፤ ገና ይሞቃል። «አባባ፣» አለች። «አባባ፣ ሰላም እያሉህ ነው።» ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አፋቸው ላይ አደረገች፣ ብዙ ቆየች። ከጎኗ አውቶቡስ በሰዓቱ አለፈ።

«እህቴ፣» አለ ጎልማሳው ከወዲያ ማዶ፣ ነገሩ ሳይገባው፣ «ይለፉ እንጂ። ሰዓት አለብን አላሉም?»

ኤልዳና ፕላስቲኩን በአባቷ ትከሻ ላይ አስተካከለች። ጋሪውን ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሳበችና ከመንገዱ ዳር አስጠጋችው።

«እናንተ ቅደሙ፣» አለች። «እኛ አንቸኩልም።»